ስለ ሰሜን ወጋገንና ስለ ሐሰተኛው ንጋት

የሰማይን ብርሃን በመልኩና በእንቅስቃሴው ለይቶ ስለ ማወቅ፤ በጨፋ ሸለቆ ለሚያስተምሩ መምህራንና መጽሐፍ ለሚመለከቱ ሽማግሌዎች የተጻፈ።

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 10 ቀን 2024፥ ከፀሓይ የተነሣ ታላቅ ማዕበል ወደ ምድራችን ደርሶ፥ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብዙ አገር ላይ የሌሊቱ ሰማይ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ለብሶ አደረ። የዚያ ብርሃን ፎቶግራፍ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በስልክ ተበትኖ ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ በከሚሴ ወይም በጨፋ ሮቢት ገበያ ስልክ የያዘ ጐረምሳ ይህንን ሥዕል ለታናሽ ወንድሙ ሊያሳየው ይችላል። ታናሹም በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት መጥቶ «መምህር፥ ይህ ብርሃን ምንድር ነው? ወደ እኛስ አገር የሚመጣው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የሚገባ ጥያቄ ጠየቀ እንጂ አልቀለደም።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለ። የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ ያ ብርሃን የምድር ዋልታዎች ጌጥ ስለ ሆነ በጨፋ ሰማይ ላይ አይታይም። ሁለተኛው መልስ ግን ረዘም ይላል፤ ያንን ብርሃን የመረመሩ ሊቃውንት የሠሩበት ጥበብ፥ ይኸውም የብርሃንን መልክና እንቅስቃሴ እያስተዋሉ መጻፍ፥ በጨፋም ሰማይ ላይ ይሠራል። ጨፋም ከጎሕ በፊት የሚታይ የራሱ ብርሃን አለው፤ ይህም ብርሃን ጾመኛውንና ሰጋጁን፥ ማልዶ የሚነሣውንም መንገደኛ ሲያሳስት የኖረ ነው። ስለዚህ አስቀድመን የሰሜኑን ብርሃን እንገልጣለን፤ ከዚያም ወደ ራሳችን ሰማይ እንመለሳለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የሰሜን ወጋገን ምንድር ነው?

የአውሮፓ ሊቃውንት ይህንን ብርሃን በላቲን ቋንቋ «አውሮራ ቦሪያሊስ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የሰሜን ንጋት ማለት ነው። በእኛም ቋንቋ የሰሜን ወጋገን ብንለው ይስማማዋል፤ በሩቅ አድማስ ላይ ሲታይ ፀሓይ ልትወጣ የቀረበች ያስመስላልና። በደቡብ ዋልታ ዙሪያም እንደዚሁ ያለ ብርሃን አለ።

ምክንያቱም ይህ ነው። ፀሓይ የምትሰጠው ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ያላቸውን እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች እንደ ነፋስ ሳታቋርጥ ወደ ጠፈር ትልካለች። ይህ የፀሓይ ነፋስ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 400 ኪሎ ሜትር ያኽል ይጓዛል። ምድራችን ደግሞ ራስዋ ታላቅ ማግኔት ናትና፥ የማግኔትዋ ኃይል በዙሪያዋ እንደ አጥር ሁኖ ነፋሱን ይመክተዋል። ነገር ግን ነፋሱ ሲበረታ አጥሩ ይናወጣል፤ በውስጡም የታመቁት ቅንጣቶች በሰሜንና በደቡብ ዋልታ አቅራቢያ ወደ ታች ይወርዳሉ። ወርደውም ከአየር ጋር በተጋጩ ጊዜ አየሩ ያበራል።

አየሩ አበራ ስንል ነደደ ማለታችን አይደለም። በመሥሪያ ቤትና በሱቅ ጣራ ላይ የሚሰቀለው ረጅሙ የመስተዋት መብራት በውስጡ ነበልባል ሳይኖር በኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያበራ፥ ያም እንደዚያው ነው። ኦክሲጅን የተባለው የአየር ክፍል ከምድር በላይ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ግድም ባለው ከፍታ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ግን ቀይ ይሆናል። ናይትሮጅን የተባለውም ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ይጨምርበታል። ስለዚህ የብርሃኑ ቀለም ስለ ከፍታው ይመሰክራል።

2ኛ፤ ስለ መልኩ

ብርሃኑን ያየ ሰው ሁሉ በየራሱ ቃል ቢናገር የአንዱ ነገር ለሌላው አይገባውም። ስለዚህ የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት በ1930 መልኮቹን በፎቶግራፍ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ተመልካቾች ሁሉ ለአንድ መልክ አንድ ስም ይሰጡ ዘንድ ነው። ዋና ዋናዎቹ መልኮች እነዚህ ናቸው።

ቀስት፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ፥ ጠርዙ የለሰለሰ፥ ጸጥ ያለ ብርሃን ነው። ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል፤ ውፍረቱ ግን ጥቂት ነው።

መቀነት፤ ቀስቱ ጸጥታውን ትቶ እንደ ተጣለ መቀነት ሲጠማዘዝና ሲታጠፍ ይህን ስም ያገኛል።

መጋረጃ፤ ከመቀነቱ ላይ ቀጥ ያሉ ጨረሮች ወደ ላይ ሲቆሙ፥ በነፋስ የሚወዛወዝ ነጠላ ይመስላል። የታችኛው ጠርዙ አንዳንድ ጊዜ ቀላ ብሎ ይታያል፤ ይህም እንደ ነጠላው ጥለት ነው።

ዘውድ፤ መጋረጃው በተመልካቹ ራስ ላይ በደረሰ ጊዜ፥ ጨረሮቹ ሁሉ ከአንድ ነጥብ የወጡ መስለው ሰማዩን ይከቡታል። ይህ ግን የዐይን ነገር ነው እንጂ ጨረሮቹ የተገናኙ አይደሉም። መምህሩ ይህንን ለማስረዳት ተማሪዎቹን ረጃጅም ባሕር ዛፍ ወዳለበት ወስዶ ሽቅብ ያሳያቸው፤ ግንዶቹ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው የቆሙ ሲሆኑ ጫፎቻቸው የተሰባሰቡ ይመስላሉ።

ቁራጭ፤ እንደ ትንሽ ደመና የተበታተነ፥ ጠርዙ የማይለይ ብርሃን ነው።

3ኛ፤ ስለ እንቅስቃሴው

እነዚህ መልኮች በዘፈቀደ አይመጡም። ከ1957 እስከ 1958 የዓለም ሊቃውንት የምድርን ነገር በአንድነት በመረመሩበት ዘመን፥ በሰሜን አገሮች ብዙ ጣቢያዎች ላይ ሰማዩን በሙሉ የሚያነሡ የፎቶግራፍ መሣሪያዎች ተተክለው ነበር። አካሶፉ የተባለው ጃፓን የተወለደ ሊቅ በአላስካ ሁኖ እነዚያን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አስተያይቶ፥ በ1964 የብርሃኑን እንቅስቃሴ በሥርዓት ገለጠ።

ሥርዓቱም እንዲህ ነው። አስቀድሞ ቀስቱ ለብዙ ጊዜ ጸጥ ብሎ ይቆያል። ከዚያም ከቀስቶቹ ሁሉ ወደ ምድር ወገብ የቀረበው በድንገት ይደምቃል፤ ይታጠፋል፤ ጨረር ያወጣል፤ በጥቂት ደቂቃም ውስጥ ወደ ዋልታው በኩል ተስፋፍቶ ሰማዩን ይሞላዋል። ዳርና ዳሩም ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። በመጨረሻ ኃይሉ ሲደክም ወደ ቁራጭ ብርሃን ይለወጣል፤ ቁራጮቹም በየጥቂት ሴኮንዱ እየበሩና እየደበዘዙ፥ እንደሚተነፍስ ፍም ሁነው ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ጸጥታው ይመለሳል።

ከዚህ አንድ ታላቅ ነገር እንረዳለን። የሰሜን ወጋገን ከከዋክብት ጋር አይጓዝም። ከዋክብቱ ከምሥራቅ ወጥተው በዝግታ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ፥ እርሱ ግን በራሱ መንገድ ይሮጣል፥ ይቆማል፥ ይጠፋል። ይህም የሚያሳየው ቦታው ከከዋክብት ዘንድ ሳይሆን በምድራችን አየር ውስጥ መሆኑን ነው። የኖርዌይ ሰው ካርል ስተርመር ከ1910 ጀምሮ ይህንኑ በልክ አረጋገጠ። እርሱ በአንድ ስፍራ፥ ረዳቱም ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላ ስፍራ ቆመው፥ በስልክ እየተነጋገሩ አንዱን ብርሃን በአንድ ቅጽበት ፎቶግራፍ አነሡት። በሁለቱ ፎቶግራፍ ላይ ብርሃኑ በልዩ ልዩ ከዋክብት ፊት ሁኖ ስለ ተገኘ፥ ከዚህ ልዩነት ከፍታውን አሰሉ። ተማሪም ጣቱን ከፊቱ አቁሞ በአንድ ዐይኑ፥ ቀጥሎም በሌላው ዐይኑ ቢያይ ጣቱ ከግድግዳው ፊት የሚዘዋወር ይመስለዋል፤ የስተርመር ጥበብም ይኸው ነው።

4ኛ፤ ወደ ጨፋ የማይመጣበት ምክንያት

የማግኔት ኃይል መንገድ አለው። በዋልታዎቹ አቅራቢያ ይህ መንገድ ከሰማይ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በእኛ አገር ላይ ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጋድሞ ያልፋል። መካከልዋን ይዘው እንደ ሚዛን ያንጠለጠሏት የማግኔት መርፌ ለዚህ ምስክር ናት፤ በዋልታው አጠገብ ቀጥ ብላ ትቆማለች፥ በአዲስ አበባና በከሚሴ ግን አግድም ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀራታል። የፀሓይ ቅንጣቶች የሚሄዱት ይህንን መንገድ ተከትለው ነውና፥ በዋልታው ዘንድ ወደ አየር ይወርዳሉ፥ በእኛ ላይ ግን አይወርዱም።

አንዳንድ ጊዜ ማዕበሉ እጅግ ሲበረታ ብርሃኑ ከልማዱ አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በፌብርዋሪ 4 ቀን 1872 ከእኛ እጅግ ሩቅ ባልሆነችው በካርቱም፥ እንዲሁም በሕንድ አገር በቦምቤይ ታይቶአል። እንደዚህ ከሩቅ ሲታይ ብርሃኑ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ የታችኛው አረንጓዴ ክፍል በምድር ክበብ ተሸፍኖ የላይኛው ቀዩ ብቻ ከአድማስ በላይ ብቅ ይላልና። ነገሩን ያላወቀ ሰውም እሳት ይመስለዋል። በጃንዋሪ 1938 ብርሃኑ በአውሮፓ ሰማይ ላይ በቀላ ጊዜ፥ በእንግሊዝ አገር የዊንድሰር ቤተ መንግሥት ተቃጠለ ተብሎ የእሳት አደጋ ሰዎች ተጠርተው ነበር። መልክን ያለ እንቅስቃሴው ማየት እንደዚህ ያሳስታል፤ ጭስ ያለው እሳት ከአንድ ስፍራ ይነሣል እንጂ ሰማይን አቋርጦ አይሮጥም።

ብርሃኑ ወደ አገራችን ባይመጣም የፀሓይ ማዕበል በእኛም ላይ ማለፉ አልቀረም። የማግኔት ወገብ የተባለው መሥመር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህም መሥመር ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ከፍታ፥ በቀን ጊዜ የኤሌክትሪክ ወንዝ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ዐይን አያየውም፤ የማግኔት መርፌ ግን ታውቀዋለች። አባ ፒየር ጉዌን የተባሉት የካናዳ ተወላጅ በ1958 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቆሙት መመልከቻ ጣቢያ ይህን የመርፌ መናወጥ ለመመዝገብ የተሠራ ነው። እንግዲህ በሰሜን ያሉት የብርሃኑን ጭፈራ በፎቶግራፍ በጻፉበት ዘመን፥ በአዲስ አበባ ደግሞ የዚያው የፀሓይ ኃይል በመርፌ ይጻፍ ነበር።

5ኛ፤ ከጎሕ በፊት የሚቆመው ብርሃን

ከላይ የተናገርነው ማዕበል በዋልታ ዙሪያ ለምን እንደሚያበራ ለማስረዳት፥ የኖርዌዩ ሊቅ ክርስቲያን ቢርክላንድ አየሩ በወጣለት ሣጥን ውስጥ ትንሽ የማግኔት ሉል አኑሮ ኤሌክትሪክ ላከባት፤ በሉሊቱም ዋልታዎች ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ታየ። ይህ ሰው በበረዶ አገር ተራራ ላይ ክረምት ሙሉ የሰሜኑን ወጋገን ሲመለከት ከኖረ በኋላ፥ ወደ አፍሪካ መጥቶ በሱዳንና በግብፅ ሰማይን መመልከት ጀመረ። ምን ፈልጎ መጣ ብንል፥ በአገሩ አጥርቶ ሊያየው ያልቻለውን፥ በእኛ በኩል ግን ጎልቶ የሚታየውን ሌላ ብርሃን ፈልጎ ነው። ይህም ብርሃን ከጎሕ በፊት በምሥራቅ፥ ከምሽትም በኋላ በምዕራብ የሚቆመው ነጭ ብርሃን ነው።

የዐረብ ሊቃውንት ይህንን ብርሃን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ፈጅር ካዚብ፥ ይኸውም ሐሰተኛው ንጋት ይሉታል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚቆምም የተኩላ ጅራት ብለው ይመስሉታል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ፈጅር ሳዲቅ፥ ይኸውም እውነተኛው ንጋት ነው። በእስልምና ሕግ በመጀመሪያው ፈጅር ለጾመኛ ምግብ አይከለከልም፥ የንጋቱም ሰላት ጊዜ አይገባም፤ ሁለቱም የሚሆኑት በሁለተኛው ነው። እንግዲህ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የጨዋታ ነገር አይደለም። አንዱን በሌላው የለወጠ ሰው ጾሙን ያለ ጊዜው ይጀምራል፥ ወይም ሰላቱን ያለ ጊዜው ይሰግዳል።

ቢርክላንድ ይህ ብርሃን ከሰሜኑ ወጋገን ጋር አንድ ምንጭ ያለው፥ ከፀሓይ ኤሌክትሪክ የሚወጣ መስሎት ነበር። ይህ ግምቱ ልክ ሁኖ አልተገኘም። ዛሬ እንደሚታወቀው ብርሃኑ የአቧራ ብርሃን ነው። ጅራታም ከዋክብትና በጠፈር የሚዞሩ ትናንሽ የድንጋይ ዓለማት የጣሉት ትቢያ ፕላኔቶች በሚዞሩበት ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ተበትኖ ይኖራል፤ ፀሓይም ከአድማስ በታች ሳለች ታበራዋለች። በመስኮት ቀዳዳ በገባ ጨረር ውስጥ የቤት አቧራ ሲያበራ የምናየው ዓይነት ነው። ጆቫኒ ካሲኒ የተባለው ሊቅ በ1683 በፓሪስ ሁኖ ይህን ብርሃን ተመልክቶ በፀሓይ ዙሪያ ካለ ትቢያ የመጣ ነው ብሎ ነበር። ታላቁ ቢርክላንድ የተሳሳተው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሁለት ብርሃን በሩቅ ስለ ተመሳሰሉ ነው። የሊቅ ስሕተት እንኳ ለተማሪ ትምህርት ይሆናል።

በሰሜን አገሮች የፕላኔቶቹ ሜዳ ብዙ ጊዜ ወደ አድማስ ዘምቦ ስለሚታይ ብርሃኑ በጭጋግ ውስጥ ይሰጥማል። በእኛ አገር ግን ቀና ብሎ ይቆማል። ከሚሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ግድም ላይ ናትና፥ ለዚህ ነገር ዕድለኛ ስፍራ ናት።

6ኛ፤ በጨፋ እንዴት እንደሚመለከቱት

ጊዜው። በጧት ለማየት የሚሻለው ወራት መስከረም ካበቃ በኋላ ዝናሙ ሲያቆም፥ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ቀጥ ይላል። በየካቲትና በመጋቢት ጧት ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ በእነዚያው ወራት በምሽት በምዕራብ ግን ቀጥ ብሎ ይታያል። ጨረቃ በሰማይ ሳለች አይለይም። ስለዚህ ጨረቃ ከተወለደችበት ቀን አንሥቶ እስከ 10ኛው ሌሊት ያሉት ጧቶች ይመረጣሉ፤ ያን ጊዜ ጨረቃ ቀድማ ትጠልቃለችና። እውነተኛው ንጋት በሰማይ መርማሪዎች ቁጥር የሚጀምረው ፀሓይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትደርስ ነው፤ ይህም በእኛ አገር ፀሓይ ከመውጣትዋ በፊት ከ1 ሰዓት ከ10 እስከ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ሐሰተኛውን ለማየት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከግማሽ ጀምሮ መቆም ያስፈልጋል።

ስፍራው። በሸለቆው ወለል በቦርከና ዳር ያለው ረግረግ በጧት ጭጋግ ሊያወጣ ስለሚችል፥ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ያለ፥ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ስፍራ ይሻላል። በምሥራቅ ያለው ኮረብታ የብርሃኑን ሥር ቢሸፍንም ጫፉን አይሸፍነውም። ሕፃናት ያለ ወላጆቻቸው በሌሊት አይውጡ፤ ጅብና ረግረግ አለ።

ዐይንን ስለ ማዘጋጀት። ከብርሃን ወጥቶ ወዲያው የሚያይ ሰው ምንም አያይም። ግማሽ ሰዓት ያኽል በጨለማ መቆየት ይገባል፤ ስልክም አይከፈት። ለመጻፍ መብራት ቢያስፈልግ በቀይ ጨርቅ ይሸፈን።

መለኪያው። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያኽል ይሸፍናል። በዚህ አንድ ጭብጥ የብርሃኑ ስፋትና ቁመት ይለካል። ብርሃኑ በሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ጭብጥ ሰፍቶ፥ ወደ ላይ እየጠበበ አምስት ወይም ስድስት ጭብጥ ሊደርስ ይችላል። ድምቀቱ እንደ ፍኖተ ሐሊብ ነው፤ ጠርዙም የማይለይ ነው።

ጽሕፈቱ። መምህሩ በደብተር ላይ ሰባት ነገር ያጽፍ፤ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ስፍራውን፥ ብርሃኑ የታየበትን አቅጣጫ፥ ቁመቱንና ስፋቱን በጭብጥ፥ መልኩን በእርሳስ ሥዕል፥ በብርሃኑ ውስጥ የሚታዩትን ከዋክብት። ሥዕሉም በየሩብ ሰዓቱ ይደገም፤ አንድ ሥዕል መልክን ይናገራል፥ እንቅስቃሴን የሚናገሩት ግን ተከታታይ ሥዕሎች ናቸው።

7ኛ፤ ሁለቱን ንጋት ስለ መለየት

ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ በግልጥ ይታያል። ሐሰተኛው ንጋት ይቆማል፥ እውነተኛው ይተኛል። ሐሰተኛው ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ የሾለ ነው፤ እውነተኛው ግን በአድማስ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ተዘረጋ ነጭ ክር ይጀምርና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሰፋል። ሐሰተኛው ከዋክብትን አያጠፋም፤ እውነተኛው በየደቂቃው እየደመቀ አስቀድሞ ደካሞቹን፥ ኋላም ብርቱዎቹን ከዋክብት ያጠፋቸዋል። ሐሰተኛው በራሱ አይንቀሳቀስም፤ ሰማዩ በሰዓት አንድ ጭብጥ ተኩል ያኽል ወደ ላይ ሲሄድ እርሱም ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ይወጣል። በመጨረሻ እውነተኛው ንጋት መጥቶ ይውጠዋል።

በዚህ የምንናገረው ለሃይማኖት ሊቃውንት ፍርድ ለመስጠት አይደለም። የሰላቱንና የጾሙን ጊዜ የሚወስኑት ሼኾቹ ናቸው። ነገር ግን የረመዳን ወር በ33 ዓመት ውስጥ የዓመቱን ወራት ሁሉ ይዞራልና፥ በጥቅምት የታየው ንጋት በመጋቢት ከሚታየው ይለያል። በየወሩ በጥንቃቄ የተጻፈ የትምህርት ቤት ደብተር ካለ፥ «ነጋ፥ አልነጋም» ብለው ለሚከራከሩ ጎረቤቶች ከጩኸት የሚሻል ምስክር ይሆናል። ሽማግሌዎችም በዚህ ሥራ ከመምህሩ ይልቅ ሊያውቁ ይችላሉ። በበጋ ወራት በጨፋ ሣር ላይ ከብት የሚጠብቁ የኦሮሞና የዓፋር እረኞች ሰማይን እያዩ ያደሩ ሰዎች ናቸውና፥ መምህሩ ጠይቆ ይማር፤ የነገሩትንም በደብተሩ ላይ ይጻፍ።

8ኛ፤ ከዋክብትን ምስክር ስለ ማድረግ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው፤ አዲስ ብርሃን በሰማይ ላይ ስታዩ ስሙን ከመጥራታችሁ በፊት እንቅስቃሴውን ከከዋክብት ጋር አስተያዩት። ከከዋክብት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚገባ ብርሃን ቦታው ከምድር አየር ውጭ ነው፤ ሐሰተኛው ንጋትና ፍኖተ ሐሊብ እንደዚህ ናቸው። ከከዋክብት ተለይቶ በሰማይ ላይ የሚሮጥና መልኩን የሚለዋውጥ ከሆነ በአየር ውስጥ ነው፤ የሰሜን ወጋገንና ተወርዋሪ ኮከብ እንደዚህ ናቸው። ከዋክብቱ ሲሄዱ እርሱ ግን በአድማስ ላይ ከአንድ ስፍራ የማይነቃነቅ ከሆነ የምድር ብርሃን ነው።

አንድ ልጅ በሌሊት ወደ ሰሜን አይቶ በአድማስ ላይ ደብዛዛ ብርሃን ቢያገኝና «የሰሜን ወጋገን አየሁ» ብሎ ቢመጣ አትሳቁበት። በዚያው ስፍራ አቁሙት፥ በብርሃኑ ላይ ያለውን አንድ ኮከብ አሳዩት፥ ከአንድ ሰዓት በኋላም መልሳችሁ ጠይቁት። ኮከቡ ሄዶ ብርሃኑ ከቀረ፥ የኮምቦልቻን ከተማ መብራት እንዳየ ራሱ ይነግራችኋል። እንደዚሁም በክረምት ወደ ዓፋር ቆላ በኩል ያለ ድምፅ ብልጭ ብልጭ የሚለውን ብርሃን ብዙ ሰው ይፈራዋል። የነጐድጓድ ድምፅ ከ20 ኪሎ ሜትር ግድም በላይ እምብዛም አይሰማም፥ የመብረቅ ብልጭታ ግን ከዚያ እጅግ ርቆ ይታያል፤ ስለዚህ ሩቅ ዝናም ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። በታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊትም ተወርዋሪ ከዋክብት ስለሚበዙ፥ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ቆጥረው በደብተር ቢጽፉ መልካም ልምምድ ይሆናቸዋል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ተማሪው «የሰሜኑ ብርሃን ወደ እኛ የሚመጣው መቼ ነው?» ባለ ጊዜ፥ መምህሩ «አይመጣም» ብሎ ብቻ ቢተወው፥ ልጁ ድንቅ ነገር ሁሉ የሌላ አገር ሀብት መስሎት ይቀራል። ነገር ግን «እርሱ አይመጣም፤ አንተ ግን ነገ ከአባትህ ጋር ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ተነሥተህ ወደ ምሥራቅ ተመልከት፥ ያየኸውንም ሥለህ አምጣ» ቢለው፥ ያ ልጅ የሰሜኑን ወጋገን የመረመረው ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያየው የመጣውን ብርሃን በደጃፉ ያገኘዋል። የተኩላውን ጅራት ከነጩ ክር ለይቶ የሣለ ልጅ፥ ለቤተ ሰቡ የንጋት ምስክር ይሆናል፤ ወደ ፊትም ሰው ሁሉ እሳት ነው ብሎ በሚሸበርበት ሌሊት፥ እርሱ ቆሞ ከዋክብቱን ይጠይቃል።